ሉል

እህቴን ሥራዬ ሉል ውስጥ ነው ብላት፣
ዕንቁ የምለቅም ነበር የመሰላት።
በዚህ አገር ቋንቋ ሉል የዶሮ ቤት ነው፤
ዕንቁ የለበትም፣ ኩስ ነው የሞላው።

ከቂርያት ጋት ወጥቶ፣ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ፣
ከዚያ በእግር፣ የባሕር ዛፉ ረድፍ እስኪያበቃ።
የአምራም ቆርቆሮ ጣራ፣ ሥሩ ስድስት ሺህ ጫጩት፤
መኖ እሸከማለሁ፣ የሞተ እለቅማለሁ ጠዋት ጠዋት።
ስሜ ያልጋነሽ ነው፤ ረዘመኝ ብሎ አምራም ሲያሳጥረው
አልጋ ሆኜ ቀረሁ።

በዝናቡ ወር ኖጋ መጣች ከረሆቮት፣
ሰማያዊ በርሜል ጭና፣ ክዳኑ ላይ ቱቦ የተሰካበት።
የሮማን ልጣጭ፣ የወይራ ቅጠል፣ የተፈጨ ኻሩብ፣
ፉርሽካ፣ ሞላሰስ፣ ከጠርሙስ በማንኪያ የተቀዳ ጥንስስ።
«ዓይን አያያቸውም» አለችኝ፣ «ጣፋጩን ይበላሉ፣
ኮምጣጣ ይሰጣሉ። የዶሮዋ ሆድ ይጠናል፤
መድኃኒት ባትወስድም ታድጋለች።»
ራሴን ነቀነቅሁ።
ድፍድፍ የማላውቅ መስያት!
ሰው ሰውን ሲሰድብ አተላ ነው ይላል፤
አተላ የጠጣች ላም ግን ቆዳዋ ያበራል።

በአምስተኛው ቀን ወረቀት ነክራ፣ ቀለሙን አይታ
«ደርሷል» አለች።
ጆሮዬን በርሜሉ ላይ ለጠፍሁ።
ቡልቅ። ቡልቅ።
«ገና ያወራል» አልኳት፣ «ሲበቃው ዝም ይላል።»
ሳቀች። ግን ሁለት ቀን ጠበቀች።

ከሉሉ ጥግ ሽቦ ዘረጋን፤ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ ሃምሳ።
ለአንደኛው በጥቂቱ፣ ለሁለተኛው በእጥፍ፣
ለሦስተኛው መድኃኒቱ፣
ለአራተኛው ደረቅ መኖ ብቻ።
«እነዚህስ ምን አጠፉ?»
«ምንም። ማነጻጸሪያ ናቸው።»

በሦስተኛው ሳምንት የሁለተኛው ክፍል ላባ ሞላ፣ ኩሱ ደረቀ።
አራተኛዎቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ጭራቸው ረጥቦ፣
መኖ ስናፈስ ሽቦው ሥር ይሰለፋሉ፣
አንገት አስግገው የጎረቤት ኩምጣጤ ያሸታሉ።
ከሽቦ ወዲህ ሆኖ የሌላውን ገበታ ማሽተት
ምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ።

ጣሳ ነበረችኝ፣ የቲማቲም ድልህ የወጣባት።
አንድ ማታ፣ አምራም መብራቱን አጥፍቶ ሲሄድ
ሞላሁላቸው።
በማግስቱም። በማግስቱም።
ሌባስ ለራሱ ይሰርቃል፤ እኔ ምን ልባል?

በአርባ ሁለተኛው ቀን ሚዛን ቀረበ።
ኖጋ መዘነች፣ ጻፈች፣ ደመረች፣ አካፈለች፣
እንደገና መዘነች።
«ልዩነት የለም» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ረጠበ ክብሪት።
«የሁለት ዓመት ሥራ!»
አምራም ትከሻውን ሰበቀ፦ «ኮምጣጣ ውሃ ነው አላልኩሽም?»
በርሜሉ ዝም ብሏል።
እኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጓንቷን አውልቃ መሬት ወረወረች። ሁለት ቀን አልመጣችም።
በሦስተኛው መጣች፣ ዓይኗ እንዳበጠ፣ ደብተሯን ገልጣ።
«ከስንተኛው ቀን ጀመርሽ?»
«ከሃያ አራተኛው።»
«በየማታው? ስንት?»
«ሦስት ጣሳ። ዓርብ ዓርብ ስድስት፤
ሰንበት አልሠራማ።»
ብዕሯ ቆመ። አየችኝ።
ከዚያ «አራተኛ» የሚለውን ሰርዛ በላዩ ሌላ ጻፈች፤
ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ አነበብሁት፦
ዘግይተው የጀመሩ።

«እስቲ ጣሳዋን አሳዪኝ።»
አፈርሁ። ዝጋለች፤ ጠርዟ ላይ አተላ ደርቋል።
ላጥባት ወደ ቧንቧው ሮጥሁ።
«አትጠቢያት!» ብላ ጮኸች፤
በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።